ያገለገለ የበረዶ መጥረጊያ ፕላው፦ የሃይድሮሊኩን ብልሽት ፈልጎ ማግኛና መንከባከቢያ

ያገለገለ ፕላው አልነሳ ሲል ወይም አልዞር ሲል መጀመሪያ የሚታማው ፓምፑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፓምፑ ምንም አልሆነም። ጥፋተኛው የዛገ የማሳ ገመድ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰው)፣ ውሃ የገባበት ዘይት ወይም ደቃቅ ቆሻሻ የተቀረቀረበት ቫልቭ ሆኖ ይገኛል። ፓምፕ ከሁሉም ውድ የሆነው ዕቃ ስለሆነ ሳያጣሩ መቀየሩ ኪስ ያራቁታል፤ ከዚያም አዲሱ ፓምፕ ተገጥሞ ብሌዱ (በረዶውን የሚገፋው ሰፊ ብረት) እንደ በፊቱ ሲያነክስ ሌላ ራስ ምታት ይሆናል። ስለዚህ ፍተሻው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ከዚያ ቫልቭና ጃክ (በዘይት ግፊት የሚረዝመው ሲሊንደር)፣ በመጨረሻ ፓምፕ።

እዚህ የተጻፈው ፒክአፕ ላይ የሚገጠመውን፣ በ12 ቮልት ሞተር የሚሠራውን ባለ ቀጥ ብሌድ ፕላው የሚመለከት ነው። የቪ ቅርጽ ያለው ብሌድ መርሁ አንድ ዓይነት ቢሆንም ቫልቮቹ ይበዛሉ፣ ጃኮቹም በሁለቱም አቅጣጫ የሚገፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዘይቱ እንዴት ይሄዳል

ብልሽት የሚፈልግ ሰው ይህችን ካላወቀ በጨለማ ይዳብሳል። ጋቢና ውስጥ «ተነሳ» የሚለውን ስትጫኑ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፦ ሪሌው (ለሞተሩ ኃይል የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ሞተሩን ያስነሳል፣ ከቫልቮቹ አንዱ ደግሞ በኮይሉ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት በሚሆነው የሽቦ ጥቅል) ይከፈታል። ሞተሩ የጥርስ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ከታንኩ ሥር ባለው ፊልትሮ በኩል ዘይት ይስባል፣ ዘይቱ በቫልቭ ብሎኩ (ቫልቮቹ በተገጠሙበት ብረት) አልፎ የተከፈተለትን ጃክ ይገፋል።

ብሌዱ ሲወርድ ግን ሞተሩ አይሠራም። የማውረጃው ቫልቭ ብቻ ይከፈትና ብሌዱ በራሱ ክብደት ዘይቱን ወደ ታንኩ ይመልሰዋል። እንግዲህ ፕላው ተነስቶ አልወርድ ካለ ሞተሩ፣ ሪሌውና ፓምፑ ነጻ ናቸው ማለት ነው፤ ጥርጣሬው በማውረጃው ቫልቭ፣ በኮይሉ፣ በገመዱ ወይም ከልክ በላይ በጠበቀ የጃክ ዳዶ ላይ ይሆናል።

የማዞሪያ ጃኮቹ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው መግፋት ብቻ ነው የሚያውቁት። ብሌዱ ወደ ቀኝ ሲዞር የግራው ጃክ ይረዝማል፣ የቀኙ ይታጠፍና ዘይቱን ይመልሳል። ብሌዱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ትርፉን ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለ፤ ይህ እንደ ሞዴሉ ከ1500 እስከ 2500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ይከፈታል። ሌላ ደግሞ የብሌዱ ጠርዝ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ከአንዱ ጃክ ዘይት እያሾለከ ድንጋጤውን የሚያበርድ ቫልቭ አለ። ሁለቱን አታምታቱ፣ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

እጅ ከመንካቱ በፊት

ብሌዱን መሬት ላይ አሳርፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የመኪናውን ሞተር አጥፉ። የኮንታክት ቁልፉን ከፍታችሁ የማውረጃውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ብትጫኑ የማንሻው ጃክ ግፊት ይለቃል። ማዞሪያዎቹ ላይ ግን ግፊት ታፍኖ ሊቀር ስለሚችል መጋጠሚያውን በጨርቅ ሸፍናችሁ ሩብ ዙር ብቻ አላሉና ማፏጨቱ እስኪያቆም ጠብቁ። ሞተሩንና ሪሌውን ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ማሳ ንቀሉ። በተንጠለጠለ ብሌድ ሥር መግባት የለም፤ መግባት ግድ ከሆነ ብሌዱ ወፍራም እንጨት ወይም የብረት መቆሚያ ላይ ተደግፎ እንጂ በዘይቱ ተማምኖ አይሁን።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፦ የሚያፈስ ቱቦን በጣት እየዳበሳችሁ አትፈልጉ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት በ2000 ፒኤስአይ ጓንትንም ቆዳንም ሰብሮ ይገባል። ቁስሉ እሾህ የወጋው ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም፣ ሰውም ችላ ይለዋል። ውስጥ የገባው ዘይት ግን ሥጋን ይገድላል፣ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ሃይድሮሊክ ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ፍሳሹን ለማግኘት ቁራጭ ካርቶን በዱላ ጫፍ አስራችሁ በቱቦው ዙሪያ አንቀሳቅሱ፣ የረጠበችው ነጥብ ታሳያችኋለች።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም፦ ሞልቲሜትር፣ እስከ 5000 ፒኤስአይ የሚያነብ የግፊት መለኪያ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ባልዲ፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ ማሰሮና ንጹሕ ጨርቅ። ጨርቁ ክሩ የማይረግፍ ይሁን፤ አንዲት ክር ቫልቭ ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ ታስለፋለች።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን

የፕላው ሞተር ጭነት ሲበዛበት እስከ 200 አምፒር ሊስብ ይችላል። በዚህ መጠን ላይ ለዓይን የማይታይ ዝገት ትልቅ ነገር ነው። አንድ መጋጠሚያ 0.01 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው በ200 አምፒር 2 ቮልት ይበላል። ሞተሩ 12 ቮልት ሲጠብቅ 10 ከደረሰው ይዝላል፣ ብሌዱ እያቃሰተ ይነሳል፣ ባለቤቱም «ፓምፑ ደከመ» ይላል።

በቅድሚያ ባትሪው። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ የመኪናው ሞተር ተነስቶ ደግሞ ወደ 14 ቮልት ማንበብ አለበት። ከዚያ ረዳት ጋቢና ውስጥ አስቀምጡና ብሌዱ ጫፍ ደርሶም «ተነሳ»ን ተጭኖ ይቆይ፣ ከ5 ሰከንድ ግን አይለፍ። በዚያች ቅጽበት እነዚህን ለኩ፦

የሜትሩን ቀይ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ጥቁሩን በሞተሩ ብሎን ላይ አድርጉ። የሚነበበው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ ገመዱ፣ መጋጠሚያው ወይም ሪሌው ውስጥ ችግር አለ። ቀጥሎ በሪሌው ሁለት ትልልቅ ብሎኖች መካከል ለኩ፤ ከ0.3 ቮልት ካለፈ የውስጥ ንክኪው ተቃጥሏል። በመጨረሻ ቀዩን በሞተሩ ገላ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ አድርጉ፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ ማሳው ነው። ጫፎቹ የሚያርፉት በራሱ በምሰሶው ላይ እንጂ በገመዱ ማሰሪያ ላይ አይሁን፤ ዝገቱ ያለው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው።

ማሳው ከሁሉም የሚዘነጋው ነው። ጨው የነካው መኪና ላይ በሻሲው በኩል የሚመለስ ማሳ ጊዜውን ጠብቆ ይከዳል። ከሞተሩ ቀጥታ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚሄድ፣ ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ያለው ገመድ መዘርጋት ያገለገለ ፕላው ላይ ከሚደረጉ ጥገናዎች ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ነው።

ቁልፉ ሲጫን ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዙን፣ ከኮንታክት ቁልፉ የሚመጣውን ሽቦና የመቆጣጠሪያውን ፍቺዎች (የገመድ መሰኪያዎች) ተመልከቱ። «ጠቅ» ብሎ ሞተሩ ካልዞረ፣ በሪሌው መግቢያ ብሎን 12 ቮልት ኖሮ በመውጫው ከሌለ ሪሌው ሞቷል። መውጫውም ላይ ካለና ማሳው ደህና ከሆነ ሞተሩን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ጎሰም አድርጉት። ከዞረ ካርቦኖቹ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት) አልቀዋል ወይም ተጣብቀዋል፤ ጉሰማው ለዛሬ ማታ ያድን ይሆናል እንጂ ጥገና አይደለም። ሞተሩ ተከፍቶ ውስጡ በዘይት ከረጠበ የፓምፑ ዘንግ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አፍስሷል ማለት ነው። ሞተሩን ብቻ ቀይሮ ፓራኦሊዮውን መተው አዲሱንም ሞተር ማስበላት ነው።

ሪሌ ስትቀይሩ የመኪና ማስነሻ ሪሌ ይመሳሰላል ብላችሁ አትሸወዱ። ትንንሾቹ ብሎኖች ቁጥራቸውና ማሳ የሚያገኙበት መንገድ ይለያያል፣ ለአጭር ጊዜ የተሠራው ደግሞ ቶሎ ይበየዳል። ንክኪው ተበይዶ ሞተሩ አልጠፋ ካለ አትደናገጡ፣ ባምፐር ላይ ያለውን ትልቁን የኃይል ፍቺ ነቅሉ። ይህን ፍቺ እጅ የሚደርስበት ቦታ ማድረግ ለዚህ ነው።

የፍቺዎቹ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ገመዱን መዳቡ ቢጫ ብርቱካን ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡት፣ በሙቀት የሚሸማቀቅ ሙጫ ያለው ሽፋን አልብሱ፣ ፍቺዎቹን በዳይኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ) ግራሶ ሙሉ። ገመድ በመርፌ ወግቶ ቮልት መለካት ግን የሚመከር አይደለም፤ በዚያች ቀዳዳ ጨው ገብቶ ከወራት በኋላ ገመዱን ከውስጥ ይበላዋል።

ዘይቱን አንብቡት

ከታንኩ ጥቂት ዘይት በማሰሮ ቅዱና አሳድሩት። በማግስቱ ከሥር የተለየ ንጹሕ ሽፋን ካለ ውሃ ነው። ዘይቱ ገና ሲቀዳ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለም ያው ነው። ውሃ የሚገባው በታንኩ መተንፈሻ፣ በጃኩ ዘንግ ላይ በሚቀልጠው በረዶና በሙቀት መለዋወጥ በሚፈጠር ወዝ ነው።

ውሃ ያለበት ዘይት ጠባዩ ልዩ ነው፦ ፕላው ከጋራዥ ሲወጣ ደህና ይሠራል፣ ውርጭ ላይ ሰዓት ሲቆይ ሞተሩ እየጮኸ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ሙቀት ቤት ሲገባ እንደገና ይድናል። ውሃው ፊልትሮው ላይ በረዶ ሆኖ መምጠጫውን ይደፍነዋል። ይህን ምልክት እያዩ ፓምፕ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው።

አረፋ ከበዛ አየር እየተሳበ ነው፤ ወይ ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ የመምጠጫው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ሞቷል። የተቃጠለ ሽታና ጥቁረት ብሌዱ ጫፍ ደርሶም ቁልፉን ሳይለቁ ከመያዝ የሚመጣ ሙቀት ነው። ብረት የሚያብለጨልጭበት ዘይት የፓምፑ ጥርስ እየተፋቀ መሆኑን ይናገራል። ለስላሳ ጥቁር ጎማ ነገር ካገኛችሁ ወይ የቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ እየተላጠ ነው፣ ወይ የማይስማማ ዘይት ጎሚኒዎቹን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽጉትን ጎማዎች) እያሟሟቸው ነው።

ምን ዘይት? የአምራቹ መመሪያ የሚለውን። ዌስተርን፣ ፊሸር፣ ሜየርና ቦስ የተባሉት የፕላው አምራቾች የየራሳቸውን ዝቅተኛ ሙቀት የሚቋቋም ዘይት ያዝዛሉ፣ አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ደግሞ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይቀበላሉ። ተራ የሃይድሮሊክ ዘይትና የሞተር ዘይት በውርጭ እንደ ማር ይወፍራሉ። የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት አይገባም፣ ጎሚኒውን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል። ቀለሙን አይቶ ዓይነቱን መገመት አያዋጣም። የቀድሞው ባለቤት ምን እንደጨመረ ካልታወቀ አውጥቶ መጣል ነው።

ዘይት አቀያየር

የአብዛኛው ፕላው ታንክ ከ2 ሊትር ብዙም አይዘልም፤ ማጠቢያውን ጨምሮ 4 ሊትር ገዝቶ መዘጋጀት ይበቃል።

1. ፕላውን ትንሽ አሠሩትና ዘይቱ ለብ ይበል። ከዚያ ብሌዱን አውርዱ፣ የማንሻው ጃክ ዘንግ ሙሉ በሙሉ መግባቱን አረጋግጡ፤ ካልገባ በእጅ ግፉት።
2. ባትሪውን ንቀሉ፣ የታንኩን ማፍሰሻ ብሎን ፍቱና ወደ ባልዲ አፍስሱ። ብሎኑ ላይ ማግኔት ካለ የያዘውን ተመልከቱ፤ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፣ ቁራጭ ብረት ግን አይደለም።
3. የሁለቱንም የማዞሪያ ጃክ ቱቦዎች ከቫልቭ ብሎኩ ፍቱ፣ ጫፋቸውን ባልዲ ውስጥ አድርጉ። ብሌዱን በእጅ ወይም በረጅም ብረት ወደ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ግፉ፤ እያንዳንዱ ጃክ ሲታጠፍ አሮጌውን ዘይት ይተፋል። ይህን የዘለለ ሰው ከቆሻሻው ጥሩ ድርሻ ውስጥ አስቀርቶ አዲሱን ዘይት ያበላሻል።
4. ታንኩን አውርዱ፣ ፊልትሮውን አውጡና በማጽጃ ፈሳሽ እጠቡት፤ ወንፊቱ ከተቀደደ ቀይሩት። የታንኩን ሥር በጨርቅ ጥረጉ፣ ኦሪንጉን ወይም ጋስኬቱን በአዲስ ለውጡ።
5. መልሳችሁ ግጠሙና የማንሻው ጃክ እንደገባ መመሪያው እስከሚለው ምልክት ሙሉ። ጃኩ ወጥቶ ሳለ የሞላ ታንክ፣ ብሌዱ ሲወርድ በመተንፈሻው ይተፋል።
6. ባትሪውን አገናኙ። 5 ወይም 6 ጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሩ፣ ያንኑ ያህል አንሱና አውርዱ። መንቀጥቀጡ እስኪቆም አየሩ ይወጣል። ከዚያ ጃኩን አስገብታችሁ መጠኑን እንደገና እዩና ሙሉ።
7. አሮጌው ዘይት ወተት ይመስል ከነበረ ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ ድገሙት። አንድ ዙር ውሃውን ሁሉ አያወጣም።

የወጣውን ዘይት ያገለገለ ዘይት ወደሚሰበሰብበት ቦታ ውሰዱ።

ድምፁን ስሙ

ሞተሩ ከሜትሩ እኩል ይናገራል። ጭነት ሲይዝ ድምፁ ወፈር ይላል። ቀለል ባለ ፉጨት እየዞረ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ዘይት የለም፣ ወይም ሞተሩንና ፓምፑን የሚያገናኘው የዘንግ ጫፍ ተላጭቷል፤ ሞተሩን አንስታችሁ ጫፉንና የሚገባበትን ጎድጓዳ አነጻጽሩ። ጠጠር የሚፈጭ ወይም የሚያላዝን ድምፅ መምጠጫው መታፈኑን ይነግራል፦ ፊልትሮ፣ በረዶ፣ ወይም የወፈረ ዘይት። ወፍራም ድምፅ ኖሮ ብሌዱ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ፓምፑ እየገፋ ነው፣ መንገዱ ግን አልተከፈተለትም። ወደ ቫልቮቹ ሂዱ።

ቫልቭና ኮይል

ረዳቱ ቁልፉን ሲጫን የካቻቢቴውን ጫፍ ወደ ኮይሉ መሃል ዳዶ አስጠጉ። ኮይሉ ከሠራ ካቻቢቴውን ሳብ ያደርገዋል፣ ሲለቀቅ ይለቀዋል። ካልሳበው ፍቺውን ነቅላችሁ የኮይሉን ተቃውሞ ለኩ፦ የ12 ቮልት ኮይል ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ኦም አካባቢ ያነባል። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል፣ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውስጡ ተነካክቷል፣ ፊውዝም ያቃጥላል። ኮይሉ ደህና ሆኖ ቮልት ካልደረሰው ችግሩ ገመዱ ወይም መቆጣጠሪያው ነው።

ወደ ቀኝ ዞሮ ወደ ግራ እምቢ የሚል ፕላው ላይ በጣም የምትጠቅም ዘዴ አለች። ተመሳሳይ የሆኑ ኮይሎች ካሉት ሁለቱን አቀያይሩ። ብልሽቱ አብሮ ከዞረ ኮይሉ ነው። ካልዞረ ወይ ቫልቩ፣ ወይ ገመዱ ነው። ገንዘብ ሳይወጣ በ10 ደቂቃ ያልቃል።

ቫልቭ ስታወጡ በመጀመሪያ ዙሪያውን በብሩሽና በማጽጃ አጽዱ፤ የጨው ቅርፊት ቀዳዳው ውስጥ ከወደቀ አንዱን ብልሽት በሁለት ቀየራችሁ። የወጣውን ቫልቭ ኦሪንጎች እዩ፣ በማጽጃ እጠቡ፣ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ከታች ገፋ ስታደርጉት ሳይጎረብጥ ተንቀሳቅሶ መመለስ አለበት። የሚጣበቅ ከሆነ ቀይሩት፤ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ወደባሰ ፍሳሽ ይወስዳል። ስትመልሱ ኦሪንጎቹን በዘይት ቀቡ። የኮይሉን ዳዶ ቀለል አድርጋችሁ ብቻ እሰሩ፤ ጉልበት ከበዛ የቫልቩ ዘንግ ይጣመምና ውስጡ ያለው ብረት ይነክሳል፣ ጥገናው ራሱ ብልሽት ይሆናል።

አንድ ቃል ስለ ቴፍሎን ቴፕ፦ ፕላው ላይ አትጠቀሙ። ሲጠብቅ ይቆራረጥና ክሩ ተጉዞ ቫልቭ ውስጥ ይቀረቀራል። ሾጣጣ ጥርስ ላለው መጋጠሚያ ፈሳሽ ማሸጊያ ይበቃል፣ ያውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ባዶ ትቶ። ኦሪንግ ያለው ወይም ኮን የሚገጥም መጋጠሚያ ማሸጊያ አይፈልግም።

ብሌዱ በራሱ ሲወርድ

ከፍ አድርጋችሁ ቁመቱን በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ጥቂት ወረድ ማለት ባገለገለ ፕላው ላይ አያስደነግጥም፤ መሬት ከደረሰ ግን መጠገን አለበት። የማንሻው ጃክ ለብቻው የቆመና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋ ከሆነ ዘይቱ የሚያመልጥበት ሁለት መንገድ ብቻ ነው፦ በዘንጉ በኩል ወደ ውጭ፣ ወይም በቫልቭ በኩል ወደ ታንክ። ውጭው ደረቅ ከሆነ እንግዲህ ጃኩን መፍታት ድካም ነው። የማውረጃውን ቫልቭና ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ኳስ ወይም ቫልቭ አጽዱ። እንደ ሜየር ኢ-47 እና ኢ-60 ጃኩ ከፓምፑ ጋር አንድ አካል በሆነባቸው ላይ ግን ፒስተኑ ውስጥ ለውስጥ ወደ ታንኩ ሊያሾልክ ስለሚችል ቫልቩ ንጹሕ ሆኖ ከቀጠለ የፒስተኑን ጎሚኒዎች ተመልከቱ።

በረዶ ሲገፋ ብሌዱ ራሱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ከሆነ ድንጋጤ አብራጁ ቫልቭ ደክሟል፣ ወይም መቀመጫው ላይ ቆሻሻ አለ። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ የዚያን ጎን ጃክና ቫልቭ፣ በሁለቱም ከሆነ የጋራውን ቫልቭ ጠርጥሩ።

ጃኮቹ

ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ያለበት ዘንግ አዲስ ጎሚኒ በጥቂት ቀናት ይቆርጣል፤ ዘንጉ ይቀየር። ጥፍር የማይዝ ቀላል ዝገት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ይለቃል።

በዘንጉ ዙሪያ የሚያንጠባጥብ ጃክ ሁሉ ወዲያው አይፈታም። አፉ ላይ ያለውን ዳዶ ሩብ ዙር አጥብቁና ሞክሩ። ካላቆመ ሌላ ሩብ። ከዚያ በላይ ማነቅ ዘንጉን ስለሚይዘው ብሌዱ በራሱ ክብደት መውረድ ያቅተዋል፤ ያኔ ጎሚኒው ይለወጥ። ቱቦውን ፈትታችሁ፣ ዳዶውን አውጥታችሁ ዘንጉን በእጅ ሳቡት። በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ዘንጉን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል፣ አታድርጉት። የቪ ቅርጽ ያላቸው ጎሚኒዎች ተደራርበው ነው የሚገቡት፣ የተከፈተው አፋቸው ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ግፊቱ ይዙር። ተገልብጠው ከገቡ ገና በመጀመሪያው ማንሳት ያፈሳሉ። ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

ቱቦ ሽቦው ከታየ፣ ካበጠ ወይም ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ አይጠገንም። አዲሱ ርዝመቱ ልክ ይሁን፤ ብሌዱ ሁለቱም ጫፍ ሲደርስ የሚወጠር ቱቦ ቶሎ ይበጠሳል፣ የሚንዘላዘል ደግሞ ብረት መካከል ይቆነጠጣል።

ፓምፑ ላይ የሚደረሰው አሁን ነው

ቮልቱ ደህና፣ ዘይቱ አዲስ፣ ፊልትሮው ንጹሕ፣ ቫልቮቹ የሚታዘዙ ሆነው ብሌዱ አሁንም ከደከመ ግፊት ይለካ። የአንዱን የማዞሪያ ጃክ ቱቦ ከጃኩ ፈትታችሁ መለኪያውን ጫፉ ላይ ግጠሙ፣ ያንን ጃክ የሚያስረዝመውን ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ተጫኑ። የተነበበውን ከሞዴሉ መመሪያ ጋር አስተያዩ። ዝቅ ካለ መጀመሪያ የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭ አውጡና እጠቡ፤ ኳሱ ሥር የተቀመጠች ቆሻሻ ግፊቱን ሁሉ ታስመልጣለች። መልሳችሁ ማስተካከያውን በሩብ ዙር እያጠበቃችሁ ለኩ። ቁጥሩ እየተከተለ ከወጣ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ በመመሪያው ልክ አቁሙ፣ «ትንሽ ጉልበት ይጨምር» ብሎ ማለፍ ቱቦ መፈንዳትና ሞተር ማቃጠል ነው። ብታጠብቁትም ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ፣ ያኔ ፓምፑ አልቋል ማለት ትችላላችሁ። አዲሱን ስትገጥሙ ታንኩን እጠቡ፣ ፊልትሮ ለውጡ፣ ጃኮቹን አፍስሱ። የአሮጌው ፓምፕ ብናኝ ለአዲሱ መርዝ ነው።

ሊገዛ ሲታሰብ

ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው ብርድ ላይ የሚታይ ብልሽት ሊደበቅ ስለሚችል ቀዝቅዞ እንዲጠብቅ ጠይቁ። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ እዩ፣ ዘንጎቹን ዳብሱ፣ ብሌዱን አስነሱና የ15 ደቂቃውን ፈተና አድርጉ፣ በሁለቱም ጎን ጫፍ ድረስ አዙሩ፣ ፍቺዎቹን ነቅላችሁ ውስጣቸውን ተመልከቱ። ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ወይም የተቀረጸውን የሞዴል ቁጥር ጻፉ፤ ያለ እሱ ትክክለኛ ጎሚኒና ቫልቭ ማዘዝ አይቻልም። ትኩስ ቀለም የተቀባ የፓምፕ ሽፋን ከተቧጨረው የበለጠ ሊያጠራጥር ይገባል።

ዓመቱን ሙሉ

ከእያንዳንዱ ከባድ በረዶ በኋላ ጨውን በውሃ አጥቡ፣ ውሃውን ግን በግፊት ወደ ፍቺዎቹና ወደ መተንፈሻው አታነጣጥሩ። ብሌዱ ጫፍ ሲደርስ ቁልፉን ወዲያው ልቀቁ። በየሳምንቱ ዘይቱንና የሞተሩን ብሎኖች መጥበቅ እዩ።

ዘይት መቀየሪያው ወቅት ብዙ ሰው ከክረምቱ በፊት ያደርገዋል። የሚሻለው ግን በረዶው እንዳበቃ ነው፤ ውሃ ያዘለ ዘይት ወራት ሙሉ ተቀምጦ ፓምፑንና ቫልቮቹን ከውስጥ ያዝጋቸዋል። ፕላው ሲቀመጥ የማንሻው ጃክ ሙሉ በሙሉ ይግባ። የማዞሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ከፕላው ሳይፈቱ ሊገቡ ስለማይችሉ ወጥቶ የሚታየውን ዘንግ ሁሉ በግራሶ ቀቡ። ፍቺዎቹን ግራሶ ሞልታችሁ ክዳናቸውን ግጠሙ። በሚቀጥለው ክረምት ከመጀመሪያው በረዶ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አገናኙና አሠሩት፣ ዘንጉን ከመግባቱ በፊት የቆየውን ግራሶና አቧራ ጠርጋችሁ።